ግማሽ ክኒን

ነርሷ «አኝኪውና አፍሽን አሳዪኝ» ስትላት ልጅቷ መዳፏን ወደ አፏ ወስዳ ማስቲካ እንደምታኝክ መንጋጋዋን አንቀሳቀሰች። ነርሷ አፏን ሳታይ፣ ከኋላ የቆመው ልጅ አስነጠሰና ወደ እሱ ዞረች። የወስፋት መድኃኒቱ ልጅቷ እጅ ውስጥ ቀረ።

ከክፍል ሲወጡ፣ ምስጢር አፏ ውስጥ ስለማያድር «ሬዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ ተጠጋቻት።

«ፎገርሻት አይደል?»

«ለወንድሜ ነው።»

ወንድሟ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሩ ቀጥኗል። ትናንት ከሰገራው ጋር ወስፋት ሲወጣ እናቱ አይታለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ክኒን የሚታደለው ለተማሪ ብቻ ነው። ልጅቷ በብልሃቷ ኮራ ብላለች።

«ሙሉውን ልታጎርሺው ነው እንዴ?» አለች ሬዲዮ። «ቢያንቀውስ?»

ልጅቷ የግቢው በር ጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ይህን አላሰበችውም። ብትመለስ ጉድ ይፈላል፤ ባትመለስ ደግሞ ያ ትንሽ ጉሮሮ ታያት። ተመለሰች።

ነርሷ ካርቶኗን እያሰረች ነበር። ልጅቷ ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት።

«እንኳን መጣሽ የኔ ልጅ» አለች ነርሷ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ለእሱ ልኩ ግማሽ ነው፤ እሱም ተፈጭቶ፣ በውኃ። ነገ ቤታችሁ እመጣለሁ። ይኼን ግን አንቺው አኝኪው። ያንቺ ወስፋት ካልጠፋ መልሰሽ ለእሱ ነው የምትሰጪው።»

አሁን የምሯን አኘከችው። ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

ነርሷ ቃሏን ጠበቀች። በማግስቱ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ግማሿን ክኒን በሁለት ማንኪያ መሀል ፈጭታ በውኃ በጠበጠች። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ዋጠና ጨምሩልኝ ለማለት አፉን ከፈተ። ሁሉም ሳቁ። ነርሷ ጥፍሩን እንዲቆርጡለት፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላም እጃቸውን እንዲታጠቡ ነግራቸው ሄደች። ስለ ተደበቀው ክኒን ትንፍሽ አላለችም። ልጅቷ በሆዷ አመሰገነቻት።

«ተባረኪ ልጄ» አለች እናቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ነርስ እቤታችን ድረስ ያመጣሽልን አንቺ ነሽ።»

ምርቃቱ ደስ አላት፤ ግን እንዲሁ ልትቀበለው አልሆነላትም። ጥፍር መቁረጫውን አንስታ የወንድሟን ትንሽ እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ እንዴት እንደመጣች ልንገርሽ።»