ከመታጠፊያው የሚደወለው

የልጅ ልጄን ከአረማመዷ አውቃታለሁ። ያን ሰሞን ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች አይባልም፤ ትጥለዋለች። እራት ሳቀርብ «በልቻለሁ» ትላለች። አልበላችም፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ሽቶዋ ዛሬም መጣች» አለችኝ አንድ ምሽት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

ሽቶዋ የምትላት ሽቶ አብዝታ የምትቀባ አንዲት ደንበኛ ናት። የልጅ ልጄና እጮኛዋ ሞባይል ወደሚጠግኑበት ሱቅ፣ ስልኬ ኔትወርክ አልይዝ አለ እያለች ትመላለሳለች። ቆንጆ ናት አሉ። እሱ ሠርቶ ይሰጣታል፣ ሰንበት ብላ ደግሞ ከች።

«እጁን አውቀዋለሁ እኮ፣ እማማ። ለሌላው አንዴ የሚጨርሰውን ለሷ ለምን ይደጋግማል? ሆን ብሎ ነው። ሱቁን እለቃለሁ፤ ቀለበቱንም እመልስለታለሁ።»

ቅናት ብል ነው፤ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይበላል። በማግስቱ ስልኬ ተበላሸ ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ስልኬ ምንም አልሆነም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የልጅ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ስክሪን ትቀይራለች። እሱ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሯል። ሽቶዋ ወንበሩ ላይ ተደላድላለች፤ እውነትም ቆንጆ ናት።

«እዚህ ሲሆን ይሠራል፣ ቤቴ ስደርስ ይሞታል» ትላለች። «እኔን ነው እንዴ የጠላው?»

ሳቀ። የልጅ ልጄ ወረንጦዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«እማማ፣ ግራ ገባኝ» አለኝ እሱ፣ ቀና ብሎ። «ሞገዱን የሚያጎላውን ቺፕ ቀየርኩ። የአንቴናውን መስመር ነጥብ በነጥብ ለካሁ። ክፍት እያለ በሽቦ አንቴና ስሞክረው ደግሞ ኔትወርኩ ሙሉ ነው።»

«ከመታጠፊያው ተደውሎበታል?» አልኩት።

እሱ ወደ እሷ ጀርባ ተመለከተ።

ልማዳቸውን ስለማውቅ ነው የጠየቅኩት። የኔትወርኩ ማማ የቆመው ከሱቁ በላይ ጣሪያው ላይ ነው፤ እዚያ ሆኖ በሽተኛ ስልክም ይይዛል። ስለዚህ እሱ የጠገነውን እሷ ትገጥምና፣ መንገዱን ተሻግራ ከመታጠፊያው ኋላ ትደውልለታለች። ፍቅራቸውም የተጀመረው እንዲያ ነው፤ ስልኩ መዳኑ ከታወቀ በኋላም ሳይዘጉ እየቆዩ።

«የዚችን ስልክ አልነካም ብላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ያለሷ መሄድ ደግሞ እኔን አስጠላኝ።»

«እንግዲያው ደንበኛዋን እየጠራሽ የምታመጫት አንቺው ነሻ» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ስልኩን ገጥማ ወጣች። የሱ ስልክ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ።

ተመልሳ ክዳኑን ከፈተችው። አንቴናው ያለው እዚያው ክዳኑ ላይ ነው፤ ከቦርዱ የሚያገናኘው ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ስፕሪንግ ተጨፍልቆ ተኝቷል። ክዳኑ ሲገጠም አንቴናውን አይነካም። ክፍት ሆኖ ሲሞከር ግን የሱ ሽቦ ቦታውን ይሸፍንለታል። በወረንጦዋ ቀና አድርጋው፣ ገጥማ፣ ማንንም ሳታይ እንደገና ወጣች።

ስልኩ ጠራ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«ደህና ይሰማል?»

«ደህና ይሰማል» አለ። ሁልጊዜ «ነይ» የሚላት አሁን ነበር፤ አላለም። እሷም አልዘጋችም።

«ስቀህላታል» አለች በመጨረሻ።

«ስቄያለሁ። ዞር ብለሽ እንድታዪኝ ነበር።»

ሽቶዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ካርዴን ጨረሱት እኮ፣ እማማ» አለችኝ።

«ታገሻቸው፣ ልጄ።»

«አያቴን ስጠኝ» አለች የልጅ ልጄ። ስልኩን ሰጠኝ።

«እማማ፣ ፊቱ ምን ይመስላል? እንዳትደብቂኝ።»

አየሁት። የጸዳውን የማይክሮስኮፕ መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

«ነይ» አልኳት። «መንገዱን ግን ግራ ቀኝ አይተሽ ተሻገሪ።»