የኔታ አለነ ያረሙት ተማሪ

በ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የመተማ ቆላ በበጋው ተሰነጣጥቆ ወንዙ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ነበር፤ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ያንኑ አሸዋ ክንድ ሁለት ክንድ ምሶ ነው። ውኃ ያገኘ ሰው ጉድጓዱን በእሾህ ከድኖ ይሄዳል። ጣሊያን ሸሕዲን ከያዘ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እነዚህን ጉድጓዶች ግን ገና አላወቃቸውም፤ አርበኛው በሕይወት የቆየውም በዚሁ ነበር።

የኔታ አለነ በሸሕዲ ዳዊት የሚያስተምሩ የጎንደር ሊቅ ናቸው። በተማሪነታቸው ዘመን ከነጋዴ ጋር እየተጓዙ ከመተማ እስከ አርማጭሆ ያለውን ውኃ ሁሉ ከነተራው በቃላቸው ይዘው ነበር፤ ይህ ዕውቀታቸው በክፉ ቀን ተሰማባቸው። ሲኞር ሩጀሮ የተባለ፣ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር የሆነ ወጣት፣ ለዶክተርነት ማዕረግ ስለ ቆላው ውኃዎች የምርምር ጽሑፍ ሊያዘጋጅ መጥቶ፣ ያስተምሩኝ ሲል አስጠራቸው። እምቢ ያለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የኔታ ያውቃሉ። የባሰው ደግሞ ሩጀሮ የሚጽፍበትን ደብተር የሸሕዲው ጦር አዛዥ ኮማንዳንቱ በየዕለቱ ያየዋል።

ፈሩ፤ ፈርተውም አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ሁሉንም ሲያስተምሩ፣ በሮቃ ውኃና በቁርቁራ ውኃ መካከል ያለችውን ጸዳለ ውኃን ብቻ ዘለሏት። እዚያ ግራዝማች ሸጋው ከነአርበኞቹ ሰፍሯል፤ የየኔታ አንዲት ልጅ አሰበችም እዚያው ቁስለኛ ታስታምማለች።

ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የኔታን ያዘናጋቸውም ይኸው ነው። በሦስተኛው ቀን፣ “የኔታ፣ ዛሬ ደብተሩን ሳላይ ልበልልዎ” አለና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ እየተወዛወዘ፣ በንባብ ቤት ዜማ ይለው ጀመር። የኔታ ደስ አላቸው፤ ምን ይደረግ፣ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ጎበዝ ተማሪ ሲሰማ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል።

“ሮቃ ውኃ፤ ቁርቁራ ውኃ…”

“ተመለስ!” አሉ የኔታ፣ መሬቱን በመቋሚያ እየመቱ። “ዘለልክ! ከሮቃ ቀጥሎ ጸዳለ ውኃ!”

ያሉትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።

“ይህቺን አልነገሩኝም ነበር” አለ ሩጀሮ፣ በደስታ ብዕሩን እያነሳ።

“ደርቃለች። አይጻፏት ጌታዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ።”

“ደርቃም እንደሆን ደርቃለች ብዬ እጽፋለሁ። ፕሮፌሰሬ ጎደሎ ሥራ አይቀበሉኝም።”

“ኮማንዳንቱስ?”

“እሳቸው ወታደር ናቸው፤ እኔ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነኝ። የእሳቸው ሥራ እኔን አይመለከተኝም።” ይህን ብሎ ጻፈ።

የኔታ እየተደናቀፉ በቀጥታ ወደ ጨው ነጋዴዋ ወደ መስቱራ ሄዱ። ጨው ይዛ አርማጭሆ የምትመላለስ፣ አርበኞቹም የሚያምኗት እስላም ናት።

“መስቱራ ልጄ፣ ጸዳለ ውኃን ተናገርኋት። በገዛ አፌ።”

ሴትዮዋ የያዘችው ቁና ከእጇ ወደቀ። “ለማን?”

“ለተማሪዬ። ዛሬውኑ ሰው ላኪልኝ።”

“ለእንዲህ ያለው ነገር ማን ይታመናል የኔታ? ወላሂ እኔው ራሴ እሄዳለሁ። እርስዎ ዝም ብለው ይጸልዩ።”

ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በር በተንኳኳ ቁጥር የመጡባቸው ይመስላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት አውሮፕላኖች በሸሕዲ ላይ አልፈው ወደ አርማጭሆ ሄዱ፤ የኔታም ከደጃፋቸው ቆመው አዩአቸው።

መስቱራ በአምስተኛው ቀን ተመለሰች።

“ደርሼ ነበር የኔታ። ሸጋው ሰዉን ይዞ ወጥቷል።”

“አሰበችስ?”

“ሦስት የማይነሱ ቁስለኞች ነበሩ። ‘ጥያቸው አልሄድም’ አለች።”

የኔታ ኩታቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲሳሳት ዝም ይሉ ነበር፤ ወላጆችም ደከሙ እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ሌላ መምህር ወሰዱ።

የሩጀሮ ጽሑፍ ከዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲው መምህራን ፊት ቀርቦ ተመሰገነ፤ ማዕረጉንም አገኘ። ስለዚያች ቦታ ለታሪክ የተረፈው ጽሑፍ ይኸው ብቻ ነው። ሰውየው ጠንቃቃ ነበርና በመጋቢት ራሱ ሄዶ አይቷት፣ ስለ ጸዳለ ውኃ እንዲህ ሲል አስፍሯል፦ ጥልቀቷ ሁለት ክንድ፤ ውኃዋ ጣፋጭ፤ በአካባቢዋ ሰው አይኖርም።

በጻፈበት ቀን እውነቱን ነበር።