ሰባት ቤት ቆጣሪው

ሐሩር በር የምትባለው ከተማ በዓመት አንድ ቀን ሆን ብላ ትታመማለች። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ከመስታወት ጣሪያዋ ሥር ካሉት ቧንቧዎች ነጭ ጉም ይለቀቃል። ጉሙ የተዳከመ የቆላ ትኩሳት ቫይረስ ያለበት ክትባት ነው። አርባ ሺህ ሰው ይተነፍሰዋል፣ ሁለት ቀን ያስነጥሰዋል፣ ከዚያ ከጣሪያው ውጭ ያለው ትኩሳት ዓመቱን ሙሉ አይደፍረውም። ሰዉ ለምዶታል። እናቶች አጥሚት ያዘጋጃሉ፤ ልጆችም ትምህርት ስለሌለ ደስ ይላቸዋል።

ጉሙ የሚገድለው ዘበኛ የሌለውን ሰው ብቻ ነው። ዘበኛ የሚሉት ቫይረስ ወደ ሕዋስ ሲገባ አውቆ ለቀረው ሰውነት «ሌባ መጣ» ብሎ የሚጮኸውን ተቀባይ ነው። ይህን ተቀባይ የሚሠራው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ የደረሰው ልጅ ዘበኛ የለውም። ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ምንም አይሆንም።

እነዚህን ልጆች ከጉሙ በፊት ለይቶ መጠለያ ማስገባት የትርሲት ይመኑ ሥራ ነበር። የምትሠራውም ቆጣሪው ከሚባለው መሣሪያ ጋር ነው። አገሩ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? የቆጣሪው ሠሪዎች የየቤተሰቡን ሽማግሌ አስቀምጠው ሰባት ትውልድ በቃል አስቆጠሩና መሣሪያውን በዚያ ሞሉት። እሱም የተበላሸው ዘረመል በየትኛው ቤት እንደሚወርድ ያሰላል። የደም ምርመራው ሁለት ቀን ስለሚፈጅ የሚመረመረው ቆጣሪው የጠረጠረው ልጅ ብቻ ነው። የደም ናሙና ይቀያየራል፣ የሽማግሌ ቃል ግን አይለወጥም፤ ደንቡ ይህ ነበር።

ትርሲት የደም ማንበቢያው ደህና መሥራቱን ልትፈትሽ ከሁለት ቀን በፊት የራሷን ደምና ባሏ ደምስ ለሥራ ፈቃድ ሰጥቶት የነበረውን ናሙና አስገብታ ነበር፤ በጉሙ ቀን ጠዋት ውጤቱን ከፈተች። «ባዕድ» ካለ ደህና ነው ማለት ነው።

«ሦስተኛ ቤት ዘመድ» አለ።

ሳቀችበት። ማንበቢያውን ጠራርጋ ውጤቱን ደግማ አስነበበችው፤ ያንኑ አለ። በሦስተኛው ሳቋ ጠፋ፤ ከሥሩ ሌላ መስመር መጥቶ ነበርና። ሁለቱም የተበላሸውን ዘረመል አንድ አንድ ይዘዋል ይላል።

ልጇ ማርዳ ባለፈው ወር ሦስት ዓመት ሞላት። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የጉሙን ቀን በመጠለያ ስለሚያሳልፍ፣ የዛሬው ለማርዳ የመጀመሪያ ጉሟ ነው። ዘበኛ የሌላት የመሆን ዕድሏ ከአራት አንድ ነው። ለማያውቁት ሰው ልጅ ትንሽ ይመስላል፤ ለራስ ልጅ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም።

የማርዳን ስም ለመጠለያው በር ላከች። ቆጣሪው መለሰላት፤ «ናሙናው ተቀያይሯል። መዝገቡ የሚታረመው በቆጠረው ሽማግሌ ቃል ብቻ ነው።»

የቆጠሩት ሽማግሌ አባቷ አቶ ይመኑ ናቸው። ደምስ ከጣሪያው ውጭ የፀሐይ ኃይል ማሳው ላይ ስለዋለ ማርዳን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ትርሲት ስትጠራቸው ልጅቱን አዝለው መጡ። አምስት ሰዓት ሆኗል።

«አባባ፣ በሠርጌ ሰባት ቤት የቆጠሩት እርስዎ ነበሩ።»

«አዎ፣ አንድም ሳልስት። ምነው?»

«የማንን ሰባት ቤት ነው የቆጠሩት?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሽማግሌው ልጅቱን ከጀርባቸው አውርደው ነጠላዋን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«የራሴን ነዋ። አንቺ ልጄ አይደለሽ?»

«ደሜ ከደምስ ደም ይዛመዳል።»

«መሣሪያ ይሳሳታል» አሉ፤ ቆጣሪው አይሳሳትም ሲሉ የኖሩ ሰው።

«ላይሳሳትም ይችላል። ማርዳ ዘበኛ ከሌላት ነገን አታይም። እኔ ማን እንደሆንኩ ዛሬ አልጠይቅዎትም፣ ቆይቶ ይደርሳል። እሷን ያድኑልኝ።»

«ለእናትሽ ምዬላታለሁ» አሉ። «ወንጌል ይዤ። አፌን ብከፍት አይማረኝ ብዬ።»

«እንግዲያው ይዝጉት» አለች ትርሲት። እንዲህ ያለ ቃል ለአባቷ ተናግራ አታውቅም። ማርዳ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን ታያለች።

አቶ ይመኑ ተነሥተው ወደ መቁጠሪያው አዳራሽ ሄዱ። ዘር የሚቆጠረው በአደባባይ ስለሆነ የሚያርመውም ሰው ድምፁ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ካሉት ድምፅ ማጉያዎች ይሰማል። ይህን እያወቁ ነው የቆሙት።

«ትርሲትን አሳደግኳት እንጂ አልወለድኳትም» አሉ። «የወለደቻት በምጥ ሞተች። የኛም ሕፃን በዚያው ሳምንት ሞቶብን ነበር፤ ባለቤቴ ወተቷ ገና አልደረቀም። የወለደቻትና የደምስ እናት የእህትማማች ልጆች ናቸው። በሠርጉ ቀን አውቅ ነበር። ብናገር አባትነቴ ይቀራል ብዬ ፈራሁና የራሴን ቤት ቆጠርኩ።»

ትርሲት ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። የሥጋ ዘመዷን አግብታለች፤ ይህን ለደምስ በምን አፏ ትነግረዋለች? በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ጠላቻቸው፤ ወዲያውም ሲወጡ ደረጃው እንዳያዳልጣቸው ክንዳቸውን ያዘች።

የመጠለያው በር ለማርዳ ተከፈተ። በውስጥ የምትጠብቀው ሞግዚት ተቀብላ አስገባቻት፣ በሩም ተዘጋ። ትርሲት እፎይ ልትል ስትል ከኋላዋ አንዲት የማታውቃቸው ባልቴት እጅጌዋን ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ ቃል የሚሰጠው የት ነው?»

ከባልቴቷ ኋላ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ኮሪደሩ እስከ መታጠፊያው ድረስ በነጭ ራስ ሞልቷል። እርስ በርሳቸው አይተያዩም። በየዓመቱ ከጉሙ በኋላ ሁለት ሦስት ልጅ ይሞት ነበር፤ ቆጣሪው ንጹሕ ያላቸው ልጆች። የእግዜር ሥራ ነው ተብሎ ይቀበራሉ። ትርሲት አሁን ገባት፤ እነዚያ ልጆች በሐሰት ቃል የተቆጠሩ ነበሩ። አያቶቹ ለቅሶ ተቀምጠው ምን ሲያስቡ ነበር?

ሮጣ ወደ ቆጣሪው ተመለሰች። ጉሙ የሚለቀቀው እሱ ቆጠራው መሙላቱን ሲያረጋግጥ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ደንቡ ጠየቀችው፤ «ዘበኛ ያላቸው ስንት ናቸው?»

ከተሠራ ጀምሮ ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረ፤ «አላውቅም። ቃላቸውን ሊያርሙ የተሰለፉ አሉ።»

ቧንቧዎቹ ሳይከፈቱ ቀሩ። ያለፈው ዓመት ክትባት ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ አርባ ሺውም ሰው ለትኩሳቱ ራቁቱን ነው። ይህን ሁሉ ቃል በዘጠኝ ቀን ተቀብሎ፣ ይህን ሁሉ ደም መርምሮ መጨረስ ይቻል እንደሆን ማንም አያውቅም። ትርሲት መዝገቡን ከፈተች።

አዳራሹ ውስጥ ባልቴቷ ቆመው አፋቸው አልላቀቅ ብሏቸዋል። አቶ ይመኑ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸውና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የልጁን ስም ይጥሩ» አሏቸው ቀስ ብለው። «ቀጥለው አሳደግኩት ይበሉ። አልወለድኩትም የሚለው ነው የሚያንቀው፤ እሱን እኔም አብሬዎት እለዋለሁ።»