ሚስ ቶሎሂጂ

የሻረግ ሰው የምትሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነበር። በቀሩት ቀናት የአንዲት ሲኞራ ቤት እየጠረገች፣ እየተኮሰች፣ «ሲ ሲኞራ» እያለች ትኖራለች። ሐሙስ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሽርጧን ወርውራ ወደ ተርሚኒ ጣቢያ ትሮጣለች። ሮም ያለች ሀበሻ ሠራተኛ ሁሉ የምትገናኘው እዚያ ነው።

በ1972 ግንቦት ላይ እንደ ልማዷ ስትሮጥ ጃፓናውያን ቱሪስቶች መሀል ገብታ ቀረች። ከፊት ባንዲራ፣ ከኋላ ሻንጣ፣ መውጫ የለም። ከሻንጣው ክምር ጀርባ አንድ ረዥም ልጅ ወረቀት ይዞ ስም ይቆጥራል። ቀና ብሎ አያት።

«ይቅርታ እመቤት፣ ዝርዝሩ ላይ የለሽም» አላት በአማርኛ።

«አሳልፈኝ፣ ቸኩያለሁ።»

«እንግዲያው ልመዝግብሽ። ሚስ ቶሎሂጂ።»

ሳቀች። ከአገሯ ከወጣች እንዲያ ስቃ አታውቅም።

ልጁ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ሆቴሉ የጃፓን እንግዳ ያበዛል፤ ቀኑን ሙሉ ስማቸውን ከሻንጣ ላይ ሲያነብ ይውልና፣ አማርኛውን ጃፓን ጃፓን እያስመሰለ ለሰው ሁሉ ስም ያወጣል። የየሻረግ ጓደኛ አሰለፈች ምግብ ስታይ ትንፋሽ አትወስድምና ሳታኝኪ ተባለች። ሲኞራዋ ሁሌቁሚ። ጣቢያው ላይ ጋዜጣ ዘቅዝቆ ይዞ የሰው ወሬ የሚለቅመው ሰውዬ ሹኩሹኪ። የራሱን ስትጠይቀው «ማናባቱ» አላት። የአባቱንስ ብትለው፣ ከነአባቱ ነው የነገርኩሽ አለ።

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ዘመኑ የደርግ ነው። ጆሮ ጠቢ ሮም ድረስ አለ ይባላል፤ እዚህ የተጠራ ስም እዚያ ቀበሌ ደርሶ እናት ያስይዛል፣ ወንድም ያስይዛል። ስለዚህ ጣቢያው ላይ የሰው ስም መጠየቅ ነውር ነው። ሰው በቅጽሉ ይታወቃል፣ በቅጽሉ ይወደዳል፣ አለቀ።

እነሱም እንደዚያ ተዋደዱ። አውቶቡሶቹ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ኮክ ይበላሉ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ሰዓቷን እያየች ትስቃለች። አንድ ሐሙስ ግን ዝም አለ። ዓይኑ እግሯ ላይ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ቆሞ የዋለ እግር አብጧል። ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታላት።  እሷም ያን ቀን ሰዓቷን አላየችም።

ሐምሌ ላይ የካናዳ ነገር መጣ። የተመዘገበበት የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የስደተኞች ቢሮ ተራህ ደርሷል አለው። ፎርሙ ላይ ሚስት ያስመዘገበ ሚስቱ ትከተለዋለች፤ ያላስመዘገበ ብቻውን ይሄዳል።

«አብረን እንሙላው» አላት። «ሚስቴ ብዬ።»

ልቧ እሺ አለ። አፏ ግን «ስምህን ንገረኝ» አለ።

ዙሪያውን ቃኘ። ወንድሙ አዲስ አበባ እስር ቤት ነው፤ በሕይወት መኖሩንም አያውቅም። «ፎርሙ ላይ ታዪዋለሽ። እዚህ አልጠራውም።»

«ልታገባኝ ታምነኛለህ፣ ስምህን ልትነግረኝ አታምነኝም?»

«አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?»

«አልነግርህም። ሐሙስ፣ ቢሮው በር ላይ። አንተም ያኔ፣ እኔም ያኔ።»

በነገሩ ሁሉ የምትቸኩል ሴት፣ ለዚህ ብቻ አንድ ሳምንት ወሰደች። ኩራት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ ጠዋት ሲኞራዋ ሻንጣ አወረደች። የሮም ሀብታም አጎስቶን፣ የነሐሴን ሙቀት፣ ባሕር ወርዶ ነው የሚያሳልፈው፤ ሠራተኛውንም እንደ ድስት ጭኖ ይሄዳል። ዘንድሮ አንሄድም ብላ ነበር፣ ሐሳቧን ቀየረች። የየሻረግ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእሷ ዋስትና የወጣ ነው፤ እምቢ ማለት አገር መልቀቅ ነው። ረቡዕ ወደ ሰርዲኒያ የምትሄድ መርከብ ላይ ነበረች።

ማንን ትላክበት? አሰለፈችን አሠሪዎቿ ተራራ ይዘዋት ወጥተዋል። ሆቴሉ ጋ ደወለች፤ «ሀበሻው ሻንጣ ተሸካሚ» ብትል «ሥራ ለቋል» ብለው ዘጉባት። ፖስትካርድ ገዛች። ለማን ብላ ትጻፈው?

መስከረም ሲጠባ ተመለሱ። በመጀመሪያው ሐሙስ ቢሮው ሄደች። አንዲት ሱዎራ፣ በዕድሜ የገፉ መነኩሲት፣ ከወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጠዋል። በነሐሴ ወር አሥራ አንድ ሀበሾች ወደ ካናዳ ሄደዋል አሏት። የምትፈልጊው ማን ይባላል?

ረዥም ነው አለች። ሁላችሁም ረዣዥሞች ናችሁ አሉ። ያስቃል አለች።

ሱዎራዋ እጃቸው ቆመ። የሚያስቅስ አንድ ነበር አሉ፤ ሚስቴ ጃፓናዊት ናት ያለ። ሐሙሱን ሙሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነው የዋለው። ሊዘጉ ሲሉ አሥር ደቂቃ፣ አሁንም አሥር ደቂቃ እያለ ለመናቸው። መጨረሻ ላይ ሚስት የሚለው መስመር ላይ አንድ ስም ጻፈ። እየሳቀ መስሏቸው ነበር፤ ቀና ሲል ግን ሳቅ አልነበረም።

ፎርሙን አውጥተው ገፋ አደረጉላት። ታች «ቶሎሂጂ» ይላል። ከላይ ስሙ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ሀብተሚካኤል አንደብርሃን።

«ታውቂያታለሽ ልጄ? ቦታዋ እስከ ወር መጨረሻ ይጠበቃል።»

የሻረግ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች። ፓስፖርቷ ውስጡ ነው፤ ቶሎሂጂ አይልም።

«ስሙ... ትክክል ባይሆንስ?»

«የሚስቱ ስም ውሸት ከሆነ የሱም ፋይል ውሸት ነው። ይመልሱታል።»

ወዴት እንደሚመልሱት ሱዎራዋም አልተናገሩ፣ እሷም አልጠየቀች።

«አላውቃትም» አለች።

«አንቺስ ምኑ ነሽ? አድራሻ የምሰጠው ለቤተሰብ ብቻ ነው።»

«ምኑም አይደለሁም።»

ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ «ሀብተሚካኤል» አለች ቀስ ብላ። ደግማ አለችው። ቆንጆ ስም ነው። ግን የምታውቀው ሰው አልነበረም፤ ያለቀሰችው ለማናባቱ ነው።

ዓመታት አለፉ። አሁንም ሐሙስ ከሰዓት ተርሚኒ አትቀርም። አዲስ የመጣ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሳሳቁ ካየች ሰላም እንኳ ሳትል ቀጥ ብላ ትሄድባቸዋለች።

«ስምሽ ማነው? የአባትሽስ? አንተስ፣ ከነአባትህ?»

ልጆቹ ይፈሯታል። ይቺ ጆሮ ጠቢ ናት፣ እንዳትነግሯት ይባባላሉ። ትሰማቸዋለች። ስማቸውን እስኪነጋገሩ ድረስ ግን ከፊታቸው አትነሳም።