ቀለሙን የሚቀይረው ማን ነው?

ሰልማን ስለ ቀለም ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ ባለው በአባቷ በሐጂ ጃቢር የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ያደገች፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ በዐይኗ የምትለይ ልጅ ናት። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. አንድ ቀን በድሩ የሚባል ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣት ሱቁ ገብቶ፣ ድረ ገጼ ላይ ያለውን ማስታወቂያችሁን ሰው ነክቶ አልከፍተው አለ፣ ቀለሙ ይሆን እንዴ ብሎ ሲጠይቃት ሳቀችበት።

በድሩ የጎንደርን ወሬና ገበያ የሚያሳይ ድረ ገጽ አለው። የሐጂ ጃቢር ሱቅ ማስታወቂያም ከገጹ ራስጌ፣ በቀይ ሳጥን ውስጥ በነጭ ፊደል ተጽፎ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው።

«ሦስት ወር ሙሉ ቀይ?» አለችው። «እንኳን ሦስት ወር፣ አንድ ሳምንት በር ላይ የሰነበተ ጨርቅ ሰው አያየውም። እኛ በየጠዋቱ ነው የምንቀያይረው።»

ከዚያ በኋላ በየሰኞው ይመጣ ጀመር። እሷ ጣቃውን ትዘረጋለች፣ እሱ የሳጥኑን ቀለም ከጨርቁ ጋር ያመሳስላል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ መረጡ፤ አራቱን ማሽኑ በራሱ በየቀኑ በተራ እንዲያወጣቸው አደረገ። ነጭ ፊደል የማይነበብበትን ፈዛዛ ቀለም ሁሉ ግን ለማስታወቂያ አይሆንም ብላ አስወጣችው። ሰውም ማስታወቂያውን መንካት ጀመረ።

ሥራው አለቀ፤ በድሩ ግን በየቀኑ ብቅ ማለቱን አልተወም። ስለ ቀለም ሲያወራ ምላሱ ይፈታል፤ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን ይተሳሰርበታል። ሰልማም ያ የተሳሰረ ምላስ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት የአረንጓዴ ተራ በነበረበት ቀን ሳጥኑ ደማቅ ሮዝ ሆኖ አገኘችው። ሮዝ ከአራቱ ውስጥ የለም። ትናንት ያደረገችው ሂጃብ ግን ሮዝ ነበር። አጋጣሚ ነው ብላ ተወችው። ቡናማ አደረገች፤ በማግስቱ ሳጥኑ ቡናማ ሆነ።

በዚህ መሀል ከእንፍራንዝ የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች መጥተው ሰልማን ለልጁ ጠየቁ። አባቷ ምን ትያለሽ ሲሏት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ምን ትበል? በድሩ እንደሆነ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የማስታወቂያ ቀለም ምስክር አድርጋ ወዳጅ አለኝ ልትል ነው? ሐጂ ጃቢር ግን የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ብለው፣ እሁድ መልስ እንደሚሰጡ ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው።

ሐሙስ ዕለት ሰልማ ክሬም ሂጃብ አደረገች። ክሬም ራሷ ካስወጣቻቸው ቀለሞች አንዱ ነው። ማሽኑ በራሱ የሚቀይረው ከሆነ ክሬም አይወጣም። በድሩም ቢሆን የገዛ ሥራውን የሚያበላሽ ቀለም ይመርጣል ብላ ማመን ከበዳት።

አርብ ጠዋት ሳጥኑ ክሬም ነበር። ነጩ ፊደል በሙሉ ጠፍቷል። ሰልማ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን ሳቀች።

ደስታዋን ሳታጣጥመው አዲስ አበባ ያለው አጎቷ ደውሎ የሱቃችሁ ስም ከድረ ገጹ ጠፍቷል ብሎ ለአባቷ ነገራቸው። ሐጂ ጃቢር በድሩን አስጠሩት።

«ምነው በድሩ፣ ስሜን የት አደረስከው?» አሉት። «ማሽኑ ተሳስቶ ነው?»

አዎ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በድሩ ሰልማን አየት አደረገና ወደ አባቷ ዞረ።

«ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ሐጂ። እያወቅኩ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሰልማ ያደረገችው ቀለም ነው።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የበድሩን ያወጣው ክሬም ነው። ሐጂ ጃቢር ሜትራቸውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ክሬሙን ያደረግኩት ለማወቅ ነው፣ አባዬ።»

«ስለ እንፍራንዞቹ ስጠይቅሽ ዝም አላልሽም?»

«የምለው አጥቼ ነው። አሁን ግን እላለሁ፤ እኔ የምፈልገው በድሩን ነው።»

 ሐጂ ጃቢርን ሳቃቸው አመለጣቸው። ውሸቱን አመቻችተውለት እውነቱን የመረጠ ሰው ብዙ አልገጠማቸውም። ለእንፍራንዝ ሰዎች ዛሬውኑ ደውለው ይቅርታ እንደሚጠይቁ ተናገሩ።

«አንተ መጀመሪያ ስሜን መልስልኝ» አሉት። «እሁድ ደግሞ ሽማግሌዎችህን ላክ። ቤቱ እንደሆነ ለእንግዳ ተሰናድቷል።»

በድሩ ደጃፉ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«ሰልማ፣ እሁድ እመጣለሁ።»

«አንተ ምን ልታደርግ?» አለችው። «የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው።»

«እነሱ ይግቡ። እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

እውነትም እሁድ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ሰልማ ግን አላስጠበቀችውም፤ ሽማግሌዎቹ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ መስኮቱን ከፍታ፣ እሺ ተብለሃል አለችው።