የማርስ የገና ጨዋታና አዲሱ ደንብ

ሩሯ የሜዳውን የመስታወት ጣሪያ ነክታ እስክትወርድ ተጫዋቾቹ የገና ዱላቸውን ተደግፈው ውሃ ይጠጡ ነበር። ማርስ ላይ ይህች የእንጨት ኳስ አንዴ ከተመታች ቶሎ አትመለስም፤ የቀይ ሜዳ ከተማ ሰውም መጠበቁን ለምዶታል። ያልለመደው መሸነፍን ነው።

አምና፣ ላይ በርና ታች በር የተባሉት ሁለቱ ሰፈሮች ስለ አንዲት ሩር «ገብታለች»፣ «አልገባችም» ተባብለው ተኳረፉ። የላይ በሯ መሐንዲስ ስንዱና የታች በር አምበል የሆነችው እህቷ ጥሩወርቅ እንኳ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ነገሩ ስንዱን ሲያንገበግባት ከረመና ዐይናማን ሠራች፤ ከሜዳው በላይ እየበረረች የሩሯን መንገድ ጥፍር ታህል ሳትስት የምትለካ ዳኛ ማሽን። «ዐይናማ የፈረደችው ይጽና፣ ክርክር ይቅር» የሚል የደንብ ማሻሻያም ቀረበ። የዛሬው ግጥሚያ መሞከሪያ ነው። ሰፈሮቹ በደንቡ ካልተስማሙ ጨዋታው ቀርቶ ሜዳው የድንች መደብ ይሆናል ተብሏል።

ዐይናማ ፈረደች፤ ማንም አልጮኸም። ግብ ሲቆጠር እንኳ ሰው ወደ ማሽኗ ቀና ይልና ዝም ይላል።

«ለቅሶ ቤት የተቀመጥን መሰልን እኮ!» አሉ የሁለቱ ሰፈሮች ሽማግሌ ሰብሳቢ ጋሽ ተድባበ።

ከዕረፍት በኋላ ውጭ የአቧራ ማዕበል ተነስቶ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲዋዥቅ ዐይናማ ዱብ አለች። ስንዱ ሮጣ አነሳቻት። ወዲያው አንድ የላይ በር አጥቂ ሩሯን ላካት፤ የግቡ መስመር ላይ አቧራ አስነስታ ቆመች።

«ገብታለች!» ብላ ስንዱ ሳታስበው ጮኸች።

«ዐይንሽን ታጠቢ!» ጥሩወርቅ እየሮጠች መጣች። ከዓመት ዝምታ በኋላ ለእህቷ የወጣላት ቃል ይህ ነበር።

«የኔ ዐይንማ ያያል! ያላየው ያንቺ በረኛ ነው!»

ሜዳው በአንድ እግሩ ቆመ። አንዱ ተመልካች ራሱን ሩር አድርጎ እየተንከባለለ አካሄዷን አስረዳ። ላይ በሮች እያጨበጨቡ ግጥሙን ለቀቁት፦

የታች በር በረኛ ምን ይሻለው ይሆን፣
ሩር አልፋው ስትሄድ የሚያይ ሰማዩን።

በረኛው ራሱ ሳቀ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ ጋሽ ተድባበ። ጥሩወርቅ ሳቋን መያዝ አቅቷት እጇን እህቷ ትከሻ ላይ ጥላ ተደገፈች።

በዚህ መሃል ዐይናማ ስንዱ እጅ ላይ ተንቀሳቀሰች። የሰነፈው ክንፏ ነው እንጂ ዐይኗስ ሲያይ ነበር።

«ኳሷን አይቻታለሁ። ልንገራችሁ?» አለች።

ስንዱ ትከሻዋ ላይ ያለውን የእህቷን እጅ አየች። እውነቱን ለማወቅ ጓጉታለች፤ ይህን እጅ ማጣት ግን ፈራች።

«ደንቡን እናሻሽለው» አለች። «ሁለቱም ሰፈር ተስማምተው ካልጠየቋት ዐይናማ አትናገር።»

በጭብጨባ ጸደቀ፤ የድንቹም ነገር በዚያው ቀረ።

«እንግዲያው አሁን እንጠይቃት የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ ጋሽ ተድባበ።

ላይ በርም ታች በርም እጁን ኪሱ ከተተ።