ምሰሶ ቁጥር አርባ አንድ

«እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ ጎኔን ወጋሽኝ እኮ» አለ ታናሽ ወንድሟ።

ሚጣ የት እንደምትሰበስበው አላወቀችም። በአንድ በኩል ወንድሟ፣ በሌላ በኩል የምግብ ካርቶን፣ ከግርጌዋ የአባቷ ጫማ። ድንኳኑን ልብስ ሰፊው አባቷ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ በትርፍ ሰዓቱ ሰፍቶታል። ለሰው ልጅ ሱሪ ሲሰፋ ማሳደጊያ መተው የማይረሳ ሰው፣ የገዛ ልጆቹ እንደሚያድጉ ረስቶ ድንኳኑን በአምናው ቁመታቸው ለካው።

ውጭውም ያው ነው። የጎረቤቶቹ ገመድ በእነሱ ገመድ ላይ ተሻግሯል፤ ማቆሚያው ላይም መኪናቸውን ከፊትም ከኋላም ሌሎች መኪኖች ዘግተዋታል። ሲደርሱ አባቷ ዙሪያውን አይቶ «ብሔራዊ ፓርክ ያሉኝ ይኼን ገበያ ነው?» ብሎ ስቆ ነበር።

ሚጣን ግን ያፈናት ጥበቱም ሙቀቱም አይደለም። ካልሲዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው።

እዚህ ፓርክ ጥበቃው በር ላይ ለሚገባው ሁሉ ወረቀት ይሰጣል። እያንዳንዱ የድንኳን ቦታ ቁጥር ያለው ምሰሶ አለው፤ ባዶውን ያገኘ ወረቀቱን በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅልበታል፤ ቦታው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ያላገኘ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። አስር ሰዓት ላይ አባቷ መኪናዋን ሲያቆም ሚጣን ቦታ እንድትፈልግ ላካት። ሁሉም ምሰሶ ተይዟል። አርባ አንድ ቁጥር ላይ ግን መቆንጠጫው ብቻውን ተንጠልጥሏል፤ ወረቀቱን ነፋስ ሳሩ ውስጥ ጥሎታል። «አንድ ሰው፣ እስከ እሁድ» ይላል። መልሳ ልትሰቅለው አንስታው ነበር።

«ባዶ ነው?» ሲል አባቷ ከሩቅ ተጣራ።

ሦስት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮስ እንሄዳለን» ሲል የኖረ ሰው ነው። ሸራውን በትከሻው ተሸክሞ ፊቱ በርቷል።

«አዎ፣ ባዶ ነው» አለች። ያገኘችውን ካልሲዋ ውስጥ ከትታ የራሳቸውን ወረቀት ሰቀለች።

አሁን አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከድንኳኑ ውጭ አባቷ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወራ ይሰማታል።

«ይቀመጡ እንጂ አባባ፤ ጉልበትዎን እያመመዎት ቆመው አይሆንም። ውኃ ይጠጡ።»

«እግዜር ይስጥልህ ልጄ። ወረቀቴን ሰቅዬ ጓዜን ላመጣ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ። ስመለስ የለም። አርባ አንድ ይመስለኝ ነበር።»

«አርባ አንድማ ይኼ የኛው ነው። ባዶውን ያገኘችው ልጄ ናት፤ እሷ ደግሞ አትዋሽም።»

ሚጣ በሸራው ስንጥቅ አጮልቃ አየች። ሽማግሌው የታሰረ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«እንግዲያው ቁጥሩን ተሳስቼ ነዋ» አሉ። «ልጆቼ ብቻህን አትሂድ፣ መርሳት ጀምረሃል ሲሉኝ ተቆጣኋቸው። እውነታቸውን ነው። ቤት ልግባና ቁልፉንም ላስረክባቸው፤ ከእንግዲህ መኪናም አልነዳ።»

አባቷ የውኃውን ጠርሙስ ዘረጋላቸው።

ሚጣ ዝም ብትል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ያልቃል። በሩ ይዘጋል፣ ሰውየው ይሄዳሉ፣ አባቷም እስከ እሁድ እየሳቀ ይሰነብታል። ካልሲዋን አወለቀች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ወንድሟ።

«ውጭ። ጫማህን አድርግ።»

«አቦ አሁን ገና ተመቸኝ ስል!»

ተሻግራው ወጣች። ወረቀቱ በላብ ረጥቧል፤ «አንድ ሰው፣ እስከ እሁድ» የሚለው ግን አልጠፋም። ለሽማግሌው በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ አልረሱም» አለች። «ሳሩ ላይ ወድቆ አግኝቼው እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። አባቷ የውኃውን ጠርሙስ እንደያዘ ቀረ። ሚጣ ፊቱን ለማየት አቅም አጣች። ድንኳኑ ጥግ ሄዳ ተንበረከከችና የመጀመሪያውን ካስማ ነቅንቃ መንቀል ጀመረች።